አረፋማው ወይንና የጾም ጣፋጭ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲

ፒኖ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወጥ ቤቱን ይዞራል። «ማማ፣ ወይን ሞተ፤ ወይን ገደልሽ» ይላል። እኔ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ትናንት አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ «ቅመሺውና የሚስማማውን ጣፋጭ አስቢ» ብሎኝ ሄዶ ነበር። ስቀዳው አረፋው ገንፍሎ እጄን አለበሰኝ። ጆሮዬን ባስጠጋ ውስጡ ይንሿሿል። ጠጅ እንዲህ ከሆነ ገና አልደረሰም፤ የጠጣው ሰው ሆዱ ተነፍቶ ያድራል። ስለዚህ በእንስራ ገልብጬ፣ አፉን በንጹሕ ሻሽ አስሬ፣ እንዲሰክን ምድጃው አጠገብ አሳደርኩት። ጠዋት አረፋው ጠፍቶ፣ ኩልል ብሎ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ፒኖን ጠራሁት።

ለካ የዚህ ወይን ጌጡ አረፋው ነው። እየፈላ ጠርሙስ ውስጥ ያሽጉታል፤ እየፈላ ይጠጡታል። ፒኖ ተቆጥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና የሞተውን ወይን በኩባያ ቀድቶ ጠጥቶ ሳቅ ጀመረ። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ይበልጣል ከሞተ ወዲህ ድምፄ እስኪሰማ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፍ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደልና ዳዊት አስተምረውኛል፤ ሲጽፍልኝ የነበረው ግን ይበልጣል ነው። የእኔ እጅ ቶሎ ይደክማል።

ፒኖ እዚህ ደብረ ማርቆስ ያለው የጣልያን ጦር አለቃ፣ የካፒታኖው ወጥ ሠሪ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ገፍቷል። እኔን የቀጠረኝ ጠጅ እንድጥልና ዳቦ እንድጋግር ነው። የእነሱ ገና እሑድ ነው፤ ከእኛ ቀድሞ፣ በጾማችን መካከል። ለዚሁ በዓል ከአገራቸው የተላከ ጣፋጭ ዳቦና ይህ ነጭ ወይን በአንድ ካሚዮን የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደጀን ላይ ሲወጣ አርበኞች አስቆሙት። ጣፋጩን ከነሣጥኑ ወሰዱ። ወይኑን ሊያወርዱ ሲሉ፣ ከሙቀቱና ከመንገዱ መንገጫገጭ የተነሣ አንዱ ጠርሙስ ክዳኑን ተኮሰ። ቦምብ መስሏቸው ጥለውት ሄዱ። ይህን የነገረኝ አስተርጓሚው ተስፋይ ነው፤ ከአስመራ የመጣ ወጣት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

እንግዲህ ወይን አለ፣ ጣፋጭ የለም። እኔና ፒኖ ካልሠራን ካፒታኖው ገናውን በባዶ ወይን ሊውል ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ገናቸው አይደለም። ይበልጣል አምና በጥቅምት የሞተው ዓባይ በረሃ፣ ጣልያን በሚያሠራው መንገድ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ ነው። ንዳድ ነው የገደለው። ጓደኛው አያሌው እዚያው ከመንገዱ ዳር ቀበረው። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ። ባለፈው ሳምንት አያሌው ሰው ላከብኝ፤ መንገዱን ሊያሰፉ ስለሆነ ከፈረንጅ ገና በኋላ ያንን ጎን በድማሚት ያፈርሱታል። ቀድሜ አፅሙን ካላነሣሁ ድንጋይ ተንዶበት ይቀራል። ያለ ይለፍ ወረቀት ደግሞ ደጀንን ማለፍ አይቻልም፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ካፒታኖው ነው። ፒኖ «በልቶ ደስ ሲለው እንጠይቀዋለን» ብሎኛል። «ሳይበላ ማንንም አይሰማም።»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፩

ነጭ ማር ከቤቴ ይዤ ሄድኩ። ፒኖ በእንቁላልና በቅቤ አሽቶ ኬክ ጋገረበት። ሲያወጣው ደግሞ ከላይ ማር አፈሰሰበት። መልኩ ሲያዩት ያስጎመጃል።

«ቅመሺ» አለኝ። ጾም ነው አልኩት። «ትንሽ» አለ። ትንሽም ጾም ነው አልኩት።

እሱ ጎረሰና ወይኑን ተጎነጨለት። ፊቱ ተጨማደደ። ያ ጣፋጭ ወይን ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ሆነብኝ አለ። አላመንኩትም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠብቄ፣ በጣቴ ጫፍ ማር ልሼ ወይኑን ቀመስኩ። እውነቱን ነው። ማሩ ወይኑን አራቁቶታል።

ይህን እንኳ ማወቅ ነበረብኝ። በልጅነቴ አንድ ባላባት ቤት ጠጅ ስጥልና ስቀዳ ነው ያደግሁት። እዚያ ቤት ጠጅ ሊቀምስ የተቀመጠ ሰው ማር አይልስም ነበር፤ ከላሰ ጠጁ ይኮመጥጠውና ጠጅ ጣይዋን ይሰድባል። ይህም ወይን የጠጅ ወንድም ነው። ከእሱ አብልጦ የሚጣፍጥ ነገር አጠገቡ አይወድም።

አንድ ነገር ደግሞ ለፒኖ ቁርጡን ነገርኩት። ያልቀመስኩትን ለሰው አላቀርብም፤ እንዲህ ነው ያሳደጉኝ። ስለዚህ ጣፋጩ ሁሉ የጾም ይሁን፤ ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት፣ እንቁላል የለበት። ፒኖ እንደ ሐዘንተኛ ደረቱን መታ። «ገና ያለ እንቁላል! እናቴ ከመቃብር ትነሣለች» አለ። «ትነሣና ታግዘን» አልኩት። ተስፋይ ሲተረጉምለት ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሣህኑን አስቀመጠ።

በልቡ ግን አልተቀበለኝም። አየሁት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፲፪

የሚካኤል ቀን ነው። ሳስቀድስ አድሬ ለነፍስ አባቴ ለመምሬ እንዳላማው የአፅሙን ነገር ልነግር ሄድኩ። ገና ሲያዩኝ «ጣልያንን በጣፋጭ ስትቀልቢ እኛ ሽምብራ ቆርጥመን ቀረን» አሉኝ። «እርስዎ ጥርስ ካለዎት ሰሊጥ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ነገሬን ስጀምር ግን ቀልዱን ተዉት። አያሌው የላከብኝን፣ ድማሚቱን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉን ሰሙኝ። «አንቺ አምጪው እንጂ ካህን አይጠፋም። ከአባቱ ጎን ቦታ አለ» አሉ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ቆዩ።

ከደጀ ሰላሙ ስወጣ አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ ስሟን አልጽፍም፣ «ልጇን ለበሉት ድግስ ትደግሳለች» ስትል ሰማሁ። እንድሰማት ነው ያለችው። ልመልስላት ዘወር ብዬ ነበር። ምን ብዬ? ግማሹ እውነት ነው። የእሷ ልጆች የትም ይሂዱ የት በእግራቸው ይመለሳሉ። የእኔን ሄጄ ተሸክሜ ካላመጣሁት አይመጣም። ይህን ደግሞ ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ አላወራም።

ቤት ገብቼ ምን ሊሆን ይችላል እያልኩ ሳስብ ዋልኩ። ይበልጤ ኑግ ይወድ ነበር። ስወቅጥ ከሙቀጫው እየዘገነ ይሮጥና፣ ጥርሱ ጠቁሮ ከንፈሩ ጠቁሮ «አልበላሁም» ይለኝ ነበር። ነገ ኑግ እሞክራለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፲፫

ዛሬ የሞከርናቸው፦

ኑግ በማር። አልሆነም። ቅባቱ ከብዶ የወይኑን አረፋ አፍ ውስጥ ያጠፋዋል። በዚያ ላይ የፒኖ ጥርስ ከሰል መሰለ። ተስፋይ መስተዋት አምጥቶ አሳየው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ስቄም አልቅሼም ነው።

በሶ በማር። ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ፒኖ ሲያስል ወይኑ በአፍንጫው ወጣ።

የተቆላ ሰሊጥ፣ እንዲያያዝ ያህል ብቻ ማር ጠብ ተደርጎበት፣ በስሱ የተዳመጠ። ይህ ሆነ። ይንኮሻኮሻል፣ ትንሽ መረር ይላል፤ ከዚያ ወይኑ ተከትሎ መጥቶ ምሬቱን ያጥበዋል።

ኮክ። ፒኖ በቆርቆሮ ያስቀመጠው አለው። የተነከረበት ስኳር ወፍራም ነው፤ በውኃ አለቅልቀን ከወይኑ ጋር ቀመስነው። ይህም ሆነ። እንዲያውም ወይኑ ራሱ ኮክ ኮክ ይሸታል፤ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

ዳቦ። ይህ የእኔ ነው። የስንዴ ዱቄት በጠጅ አምቡላ አቡክቼ፣ ድንብላል፣ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ፣ ማር አንድ ማንኪያ ብቻ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ። ጣፋጭ ነው ብሎ ለመማል ያስቸግራል። ለወይኑ ግን ቦታ ይለቅለታል።

ፒኖ ዳቦውን ቆርሶ ወይኑ ውስጥ ነክሮ በላ። ኋላ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጁ ነገረኝ። እሱ አገር ለገና አባትየው ዳቦ በዚህ ወይን እየነከረ ሕፃናቱን ያጎርሳል። የእሱ ልጅ ወታደር ነው፤ እስፓኝ የሚባል አገር ጦርነት ሄዷል፣ ከጻፈለት ቆየ። «ይመጣል» አልኩት። ይበልጤ ዓባይ በወረደ ጊዜ ለእኔም ሰው ሁሉ «ይመጣል» ይለኝ ነበር። ቃሉን እንደማልወደው ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ፒኖ አሁን አሁን ከእኔ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይውላል። ማለቴ፣ እንዲህ ይለኛል። ጓዳ ገብቶ አይብ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ፍርፋሪው ጺሙ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፲፬

ወይኑ ካልቀዘቀዘ አይሆንም ይላል ፒኖ። ቢሞቅ አረፋው ጠርሙሱን ባዶ አድርጎ ይወጣል፤ ጣዕሙም ሽሮፕ ይሆናል። በረዶ በረዶ እያለ ይጨነቃል። በዚህ ወር ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለ ብርድ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ጠርሙሶቹን በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ ጓሮ ካለው ድንጋይ ካብ ላይ እንዲያድሩ አደረግሁ። ዛሬ ጠዋት ጆንያው ቆርፍዶ እንደ ጣውላ ቆሟል። ፒኖ ጠርሙሱን ጉንጩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ደስታዬ ግን እስከ ቀትር አልቆየም። ተስፋይ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ለገና ከአዲስ አበባ አንድ ማጆሬ መጥቷል፤ ከካፒታኖው በላይ ነው» አለኝ። «ሰው ያልቀመሰለትን አይበላም። የሚያበስሉት እርስዎ መሆንዎን ሰምቷል፤ ልጅ የሞተብዎ መሆኑንም። ‘ልጇ የሞተባት ሴት ለምን ጣፋጭ ትሠራልኛለች’ አለ።»

«አንተ ምን አልከው?»

«እኔ ሰው ያለውን እተረጉማለሁ እንጂ የራሴን አልጨምርም።» ሊሄድ ዞር ሲል «ይጠንቀቁ» አለኝ። ይኸ እንኳ የራሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፲፭

ስጋግር ዋልኩ። ሰሊጡ አንድ ጊዜ ቢያርብኝም ሁለተኛው ደህና ነው። ኮኩ ታጥቧል። ዳቦዎቹ ከፍ ብለው ወጡ፤ አንዱ ብቻ ጎኑ ተሰንጥቋል። ያንን እኛው እንበላዋለን።

ፒኖ ዳቦዎቹን እየዞረ ያያቸዋል። «ገርጥተዋል» ይላል። «ታመዋል።» ተዋቸው አልኩት። ሁሉንም ቀምሻለሁ። ሁሉም ጾም ነው። የሚፈራ ሰው ቢመጣ ፊቱ ቆሜ እበላለሁ፤ ሌላ ምን ይፈልጋል።

ይህን እያልኩ ለምን አልተረጋጋሁም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፲፮

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ከቅዳሴ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። ቀትር ላይ ተቀመጡ፤ ካፒታኖው፣ ማጆሬው፣ ሌሎች መኮንኖች። ሥጋቸውን ሲጨርሱ የእኛ ተራ መጣ። ወይኑን እኔ እንድቀዳ ፒኖ ላከኝ። ጠርሙሱን ስይዝ እጄ የልጅነቱን ልማድ ሳያስበው አደረገ። መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ጠጣሁ፣ ከዚያ ለማጆሬው ቀዳሁ። ደንግጦ አየኝ። ተስፋይ ነገረው፤ በእኛ አገር ጠጅ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፣ ለጌታው እምነት ነው። ማጆሬው ደስ አለው። እንግዲያው የሁሉንም እንደዚሁ ታድርግ አለ።

ሰሊጡን በላሁ። ኮኩን በላሁ። ተስፋይ ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው እንቁላል እንቁላል ሸተተኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ላዩ ወርቅ መስሎ ያብለጨልጫል። የእኔ ዳቦ አያብለጨልጭም። ወደ በሩ ዞር ብል ፒኖ ፊቱ እንደ ዱቄት ነጥቷል። ገርጥተዋል ያላቸውን ማታ እኔ ስሄድ እንቁላል ቀብቶ መልሶ ምድጃ አስገብቷቸዋል።

ዳቦውን ሣህኑ ላይ መለስኩት።

ማጆሬው ሣህኑን ከፊቱ ገፋ። ለምን አልበላችም አለ። «ጾም ነው፣ እንቁላል ነክቶታል» አልኩ። ታዲያ ሌላውን ለምን በላች አለ። በዚያ እንቁላል የለም አልኩ። ተስፋይ ሲተረጉም ድምፁ ቀጠነ። ማጆሬው ወይ ትብላ ወይ ትታሰር አለ። ፒኖ እየሮጠ ገብቶ በቋንቋቸው ለፈለፈ፤ ደረቱን እየመታ እኔ ነኝ ይላል መሰለኝ። ማጆሬው አልሰማውም። የሚያየው እኔን ነው።

እውነቱን ልጻፍ። ልበላው ነበር። አንድ ጉርሻ ነው፤ ንስሐ አለ፣ መምሬ አሉ፤ ልጄ ግን ድንጋይ ከተናደበት ሌላ መንገድ የለውም። እጄን ዘረጋሁ። ዳቦውን ሳየው ደግሞ እንቁላሉ የነካው ላዩን ብቻ ነው። «ቢላ ስጡኝ» አልኩ።

ተስፋይ ይህን መተርጎም አልፈለገም። «እማማ፣ ቢላ?» አለኝ። «ቢላ» አልኩት። ሲናገረው አንዱ መኮንን ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ካፒታኖው ግን የራሱን ቢላ በእጀታው በኩል አዙሮ ሰጠኝ። የዳቦውን ላይ እንደ ድንች ልጣጭ ገፈፍኩት፣ ጠለቅ አድርጌ። ውስጡን በላሁ። ልጣጩን ለፒኖ ሰጠሁት። ማንም ሳያዘው ሁሉንም ባንዴ ጎረሰው፤ ጉንጩ ተወጥሮ፣ እንባው እየወረደ ያኝካል።

መጀመሪያ የሳቀው ካፒታኖው ነው። ዳቦውን ቆርሶ ወይኑ ውስጥ ነከረው፤ ልክ ፒኖ እንዳደረገው። በላ፣ ደገመ። ለማጆሬው ምን እንዳለው አላውቅም፤ ማጆሬውም ሣህኑን መልሶ ሳበ። ኋላማ ሰሊጡን ብቻውን ሊጨርሰው ነበር።

ከዚያ ተስፋይ «ካፒታኖው ‘ምን ልስጣት’ ይላል» አለኝ። ጊዜውን አይቶ ሊጠይቅልኝ ያሰበው ፒኖ ነበር። እኔ ግን አልጠበቅሁም። «የልጄን አፅም» አልኩ። ማጆሬው ሽፍታ ነበር ወይ አለ። ድንጋይ ፈላጭ ነበር፣ መንገዳችሁ ላይ ነው የሞተ አልኩ። ተስፋይ ቃሌን አላለሰለሰውም፤ ከፊታቸው አውቃለሁ። ካፒታኖው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ረቡዕ ካሚዮን ወደ ደጀን ይወርዳል፣ የይለፍ ወረቀት ይጻፍላት አለ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፯

ፒኖን ዛሬ ላናግረው አልፈለግሁም ነበር። በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ዳቦው ገርጥቶ አሳዘነኝ» አለ። ስለ ዳቦው የሚናገር እንጂ እኔን ወህኒ ሊያስገባኝ የነበረ ሰው አይመስልም። አዝኖም እኮ ነው። ቁጣዬ ከየት ይምጣ። የተሰነጠቀውን ዳቦ ቆርጬ፣ እሱን አልቀባውም ነበር፣ አብረን በላን። የተረፈች ትንሽ ወይን ነበረች።

ከሰዓት በኋላ መምሬ ዘንድ ሄጄ የልጣጩን ነገር ተናዘዝኩ። ሲሰሙኝ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። «ጠለቅ አድርገሽ ገፈሻል?» አሉኝ። ጠለቅ አድርጌ። «ልጣጩን ለወጥ ሠሪው ሰጠሽው? እሱስ ነፍስ የለውም?» «የእሱ ጾም አልቋል አባቴ፤ ገናው ነበር።» ሳቃቸው አመለጣቸው። ስግደት አዘውልኛል። ጉልበቴን እያመመኝም ቢሆን ደስ ብሎኝ ነው የምሰግደው።

ወረቀቱ ተጽፏል። ማኅተም ይቀረዋል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፰

ካፒታኖው የለም። አርበኞች ታዩ ተብሎ ከሌሊቱ ጀምሮ ከወታደሮቹ ጋር ወጥቷል። ማኅተሙ በእሱ ጠረጴዛ ውስጥ ተቆልፎበታል። ተስፋይ «ካልተመለሰ ካሚዮኑ ያለ እርስዎ ይሄዳል» አለኝ። ሌላ ካሚዮን መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም። ድማሚቱ ግን በዚህ ሳምንት ነው።

አናጢው ትንሿን ሣጥን አምጥቶልኛል። አቡጀዲ አጥቤ አስጥቻለሁ። ከዚያ ሥራ አጣሁ።

አንድ ነገር ልጻፍና ይውጣልኝ። ዛሬ ማርያም ፊት ቆሜ ያ ጣልያን በደህና ይመለስ ብዬ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት። ተራራው ላይ ያሉት የእኛው ልጆች ናቸው፤ እናት አላቸው፤ አንዳንዶቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ደነገጥኩ። ከዚያ እነሱም በደህና ይመለሱ ብዬ ጨመርኩ። ሁሉም ዛሬን ሳይገናኙ ይመለሱ አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማ እንደሆነ መምሬን መጠየቅ አልደፈርኩም።

አመሻሽ ላይ የፈረስ ኮቴ ሰማን። ሳይተኮስ ተመልሰዋል፤ የታየው የከብት መንጋ ነበር ተባለ። ካፒታኖው አቧራውን ሳያራግፍ አተመልኝ። ተስፋይ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ እግርዎ» አለኝ። መቆሜን አላወቅሁም ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፲፱፣ ደጀን

ገብርኤል ያውቃል እንዴት እንደደረስን። ሾፌሩ ጣልያን ነው፤ መንገዱን ሙሉ ይዘፍናል። ሣጥኑን ከኋላ ጫኚው ብሎ በእጁ አመለከተኝ። ጭኔ ላይ ይሁን አልኩት፣ ባዶውን።

ኬላው ላይ ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩት። አሳለፉን።

አያሌው ካሚዮን መቆሚያው ጋ እየጠበቀኝ ነበር። ከስቷል፤ ጺም አብቅሏል። «እትዬ» ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። ሳይነግረኝ መቅበሩ ሁልጊዜ ያሳፍረዋል። አንተ ባትኖር ጅብ ነበር የሚቀብረው አልኩት። ድማሚቱ ከትናንት በስቲያ ጀምሯል አለኝ፤ ወደ እሱ ግን ገና አልደረሰም። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንወርዳለን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፳

ቦታውን አገኘነው። አያሌው ያስቀመጠው የድንጋይ ካብ አልፈረሰም። ሠራተኞቹ ከእኛ በላይ ይቆፍራሉ፤ አለቃቸው ወረቀቱን ሲያይ መዶሻ እንዲያቆሙ አደረገ። እስክንጨርስ ቆመው ጠበቁን፤ አንዳንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ።

አያሌው ነው የቆፈረ። እኔ አቡጀዲውን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እሱ ነው ወይ እያልኩ ስሠጋ ነበር የመጣሁት። የፊት ጥርሱ ስባሪ ነበረች፣ በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ የሰበራት። አየኋት። ከዚያ በኋላ ምንም አልፈራሁም። አንድ በአንድ ተቀብዬ አስተኛሁት። ደህና ነው፤ ሁሉም ሙሉ ነው። ስሙን እየጠራሁ አነጋገርኩት፤ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም።

ስንመለስ ያሳፈረን ያው ካሚዮን ነው፤ ሾፌሩ ግን አልዘፈነም። አቀበቱን ቀስ አድርጎ ነዳ፤ በየጉድጓዱ ወደ ጭኔ ያያል። አመሻሽ ላይ ማርቆስ ገባን። ከመንገዱ ዳር መምሬ እንዳላማው ዲያቆን አስከትለው ቆመዋል። ሰው ብዙ እንዳይሰበሰብ ተከልክሏል፤ የመጡት ጥቂት ናቸው፤ ይበቃሉ። ፒኖ ደግሞ ከእነሱ ራቅ ብሎ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አልተጠጋም። በዓይኔ ሰላም አልኩት።

ሣጥኑን የማርያም ደጀ ሰላም አሳረፍነው። ነገ ፳፩ ነው፣ የእሷ ቀን። ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት ይደረስለታል፤ መቃብሩ ከአባቱ ጎን ተቆፍሮ አይቼዋለሁ፣ ሰፊ ነው። መምሬ ሄደሽ አረፍ በይ ብለው ላኩኝ።

እቤት ልገባ ስል ቆም ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ነገ ዝናብ እንዳይጥል ብዬ። በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ። የምፈራው ነገር ስላጣሁ ነው መሰለኝ።